ከጦር ሜዳ የተመለሰ ልጅ የት ይቀመጥ? — የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በሕፃንነታቸው ከታጣቂዎች ጋር ተሰልፈው ስለተመለሱ ልጆች ባለፈው እትም ያወጣነውን አጭር ጽሑፍ ተከትሎ በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነዚህ መካከል አምስቱን መርጠን የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል። የጸሐፊዎቹን ስምና አድራሻ የተውነው ልጆቹ በትንሽ ከተማ ውስጥ በቀላሉ ተለይተው ሊታወቁ ስለሚችሉ ነው። መልሶቹ በአብዛኛው የሚመረኮዙት በሰሜን ዩጋንዳና በሴራሊዮን ልምድ ላይ ነው፤ በሁለቱ አገሮች የተሠራውም ሆነ የተበላሸው ነገር በደንብ ተመዝግቦ ይገኛልና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ የወረዳ ከተማ የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ለምዝገባ ከመጡት መካከል በጦርነቱ ወቅት ከታጣቂዎች ጋር የነበረ የ17 ዓመት ልጅ ይገኝበታል። ትምህርቱን ያቋረጠው ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ነው። ወሬው ተሰምቶ አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችን ከእሱ ጋር አንድ ክፍል አይቀመጡም» እያሉኝ ነው። መምህራኑም ተከፋፍለዋል፤ በማታ ይማር የሚሉ አሉ። ልጁን ማባረር አልፈልግም፣ ትምህርት ቤቱም እንዲታወክ አልሻም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ክቡር ርእሰ መምህር፣ ልጁን መዝግበው ከቀን ተማሪዎች ጋር እንዲያስገቡት እመክራለሁ፤ ምክሩም ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ አይደለም። በሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 የዘለቀው ጦርነት ሲያበቃ 6,800 ገደማ ልጆች በይፋዊው የትጥቅ ማስፈታት ፕሮግራም በኩል አልፈው ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። ተመራማሪዋ ቴሬሳ ቤታንኮርትና ባልደረቦቿ እንዲህ ካሉት ልጆች የተወሰኑትን ከ2002 ጀምረው ወጣት እስኪሆኑ ድረስ ተከታትለዋቸዋል። ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚጠቅመው ግኝታቸው፣ ከትምህርት ገበታ ያልተለዩትና ጎረቤት የተቀበላቸው ልጆች፣ ያዩት መከራ ከባድ ቢሆንም እንኳ፣ ከተገለሉት በተሻለ ሁኔታ መገኘታቸው ነው። የመገለሉ ጉዳት በጦርነቱ ጉዳት ላይ የሚደረብ ሌላ ሸክም ሆኖ ነው የተገኘው። እንግዲህ ልጁ በየትኛው ክፍል ይቀመጥ የሚለው የእርስዎ ውሳኔ የሕክምናው አካል ነው ማለት ይቻላል።

የማታ ትምህርት የሚሉት መምህራን በክፋት እንዳልተናገሩ እገምታለሁ። የ17 ዓመት ጎረምሳ ከ13 ዓመት ልጆች ጋር ሰባተኛ ክፍል ሲቀመጥ ማፈሩ አይቀርም። ነገር ግን በማታ የሚማረው ከሠራተኛ ጎልማሶች ጋር ነው፤ ቀኑን ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ በጨለማ ይመላለሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «የተለየው ልጅ» የሚለው ስም በትምህርት ቤቱ ውሳኔ ይጸድቅበታል። ሴራሊዮን ለዚህ ችግር የሰጠችው መልስ የስድስቱን ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሦስት ዓመት የሚያጠቃልል የተፋጠነ ትምህርት ነበር፤ በዚያም የሚማሩት የታጠቁ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ በጦርነቱ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ሁሉ ነበሩ። እርስዎ ጋር እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሌለ ሰባተኛ ክፍል አስገብተው ከሰዓት በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠናው አንድ መምህር ይመድቡለት፤ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ኋላ የቀሩ ሌሎች አምስት ስድስት ተማሪዎችንም አብረው ያስቀምጡ። ከእርስዎ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ይጠፋሉ ብዬ አላምንም።

ወላጆቹን በሚመለከት ከሴራሊዮን ሌላ የምዋሰው ነገር አለ። በዚያ አገር በዩኒሴፍ ድጋፍ በተካሄደ ፕሮግራም፣ ከታጣቂዎች የተመለሰ ልጅን ያለ ክፍያ የሚቀበል ትምህርት ቤት በምትኩ የመማሪያ ቁሳቁስ ወይም የስፖርት ዕቃ ያገኝ ነበር፤ የሚያገኘውም ለልጁ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው። ደብተሩም ኳሱም የሁሉም ተማሪ ስለሆነ፣ የልጁ መምጣት ለጎረቤት ልጅም ጥቅም ይዞ መጣ። በሰሜን ዩጋንዳ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2000 በወጣው የምሕረት ሕግ መሠረት ከአማፂዎች ተለይተው ከጫካ ለሚመለሱ ሰዎች ገንዘብ፣ ፍራሽ፣ የማብሰያ ዕቃና የእርሻ መሣሪያ ይሰጣቸው ስለነበር፣ በመጠለያ ካምፕ ለዓመታት የተንገላቱት ጎረቤቶች «እኛን የዘረፉን ይሸለማሉ» ብለው ማጉረምረማቸው አልቀረም። ቅሬታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ በጎ አድራጊ ድርጅት መጥቶ ለልጁ ዩኒፎርምና ቦርሳ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ላስረክብ ቢልዎት በትሕትና ይከልክሉ።

ወላጆቹን በጠቅላላ ጉባኤ አይሰብስቡ፤ በትልቅ ስብሰባ ላይ በመጀመሪያ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በጣም የተቆጣው ሰው ነው። ከወላጅ መምህር ኅብረቱ የሚከበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ይዘው ቅሬታ ያቀረቡትን በየግል ያነጋግሩ። የልጁን ታሪክ አይንገሯቸው፤ ያ የእሱ ነው። ይልቁንም መሣሪያ፣ ድብድብና ማስፈራራት በየትኛውም ተማሪ ላይ የሚያስከትሉትን ቅጣት፣ ግቢውን ማን እንደሚቆጣጠርና ችግር ሲኖር ለማን እንደሚነገር በዝርዝር ያስረዷቸው። የወላጅ ፍርሃት የሚረግበው ሥርዓት መኖሩን ሲያይ ነው።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ ያስቀምጡት፤ እንደዚህ ያሉ ልጆች ከኋላቸው የሚመጣ እርምጃ ትኩረታቸውን ይሰርቅባቸዋል። በር ሲወረወር ወይም በበዓል ሰሞን ርችት ሲተኮስ ድንገት ተነሥቶ ሊወጣ ይችላልና፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወጥቶ አንድ የታወቀ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣ ተቀምጦ እንዲመለስ አስቀድመው ይስማሙ። አርጩሜ የሚይዝ መምህር ካለዎት (ደንቡ ቢከለክልም አለመጥፋቱን ሁላችንም እናውቃለን) በእሱ ላይ እንዳያነሣ አጥብቀው ያስጠንቅቁ። «ያሳለፍሁት ሕይወት» የሚል ድርሰት አይታዘዝ። ቅጽል ስም ሲወጣለት የሰማ መምህር ሰምቶ እንዳልሰማ አይለፍ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የእኅቴ ልጅ ከተመለሰ ወዲህ እኔ ዘንድ ይኖራል፤ 16 ዓመቱ ነው። ሌሊት ይባንናል፣ ይጮኻል፣ ቀን ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጎረቤቶች «የሞቱት ሰዎች መንፈስ ነው የያዘው» ይላሉ። ጠበል ወስጄው ለጥቂት ቀን ተረጋግቶ ነበር፣ ከዚያ ተመለሰበት። ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ጠበሉን ልቀጥል? ያየውን ነገር እንዲነግረኝ ብለምነው እምቢ ይላል። ቢናገር ይቀለው ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጎረቤቶችዎ የሚሉትን የሰሜን ዩጋንዳ አቾሊዎችም ይሉታል። ያለ አግባብ የሞተ ሰው መንፈስ ገዳዩን ወይም ሬሳውን ያየውን ይከተላል ብለው ያምናሉ፤ «ቼን» ይሉታል። «የጌታ ተቃዋሚ ጦር» የሚባለው የጆሴፍ ኮኒ አማፂ ቡድን በዚያ ምድር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አፍኖ ወስዶ ስለነበር፣ ልጆቹ ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ አንድ የቆየ ሥርዓት አነሡ። ልጁ ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት በደጃፉ አንድ ጥሬ እንቁላል ይቀመጣል፤ አጠገቡ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት የዛፍ ቅርንጫፍና የጎተራ ክዳን የሚነሣበት እንጨት ይጋደማሉ። ልጁ እንቁላሉን በእግሩ ረግጦ ይሰብርና ይገባል። እንቁላሉ ያልተነካ ንጽሕና ነው፣ ቅርንጫፉ ያጥባል፣ የጎተራው እንጨት ደግሞ ቀድሞ ከበላበት ቤት ዳግመኛ ይበላል ማለት ነው። ሥርዓቱ አጭር ቢሆንም ዘመድም ጎረቤትም ቆሞ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ «አልተቀበልነውም» ማለት ይከብዳል። እርስዎም ጠበል ሲወስዱት ልጁ ለጥቂት ቀን የተረጋጋው፣ ከእምነቱ ሌላ፣ ሰው አብሮት በመዋሉም ይመስለኛል።

ሆኖም የአቾሊ ቤተሰቦች እንቁላል ከተሰበረ በኋላም ሌሊቱ እንደቀጠለ አይተዋል። በ2007 የታተመ ጥናት በሁለት የተፈናቃዮች ካምፖች የነበሩ 314 ታዳጊዎችን በሦስት ክፍል መድቦ ነበር። አንደኛው ክፍል በየሳምንቱ እየተገናኘ ስለ ሐዘን፣ ስለ ጠብና ስለ ኑሮ ለውጥ በቡድን የሚነጋገር፣ ሁለተኛው በጨዋታና በሥነ ጥበብ የሚሳተፍ፣ ሦስተኛው ተራ የሚጠብቅ ነበር። በቡድን የተነጋገሩት፣ በተለይ ልጃገረዶቹ፣ ከድባቴያቸው ሲሻላቸው፣ ጨዋታው ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ታጣቂ የነበሩ 85 ወጣቶችን ይመለከታል፤ የሠለጠኑ የአገሬው ሰዎች የእያንዳንዱን ወጣት የሕይወት ታሪክ ከልደቱ ጀምረው ክፉውንም ደጉንም በቅደም ተከተል እንዲተርክ ረድተውት ቅዠቱና ድንጋጤው ቀንሷል። የረዱት ሰዎች ሐኪሞች አልነበሩም፤ ነገር ግን ሠልጥነዋል፣ የሚቆጣጠራቸው ባለሙያም ነበራቸው።

ከዚህ ተነሥቼ ለጥያቄዎ ስመልስ፣ መናገር ይረዳል፤ በልመናና በግፊት መናገር ግን አይረዳም። ሌሊት ባንኖ ሲነሣ «ምን አየህ?» አይበሉት። መብራት አብርተው ስሙን ይጥሩና የት እንዳለ ይንገሩት፤ «ቤትህ ነህ፣ እኔ አክስትህ ነኝ፣ ሊነጋ ነው» ማለት ይበቃል። ሳይነግሩት አይንኩት፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ሳያውቅ ሊመታዎት ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ኀፍረት ከቅዠቱ ይብስበታል። ቀኑን ባዶ አያድርጉበት፤ ውሃ መቅዳትም ሆነ ከብት ማሰማራት በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚጠበቅበት ነገር ይኑረው። ራሱ መናገር ሲጀምር አያቋርጡት፣ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ» የሚል ፊትም አያሳዩት፤ የሰሙትንም ከቤት አያስወጡ።

ጠበሉንና ሐኪሙን ማወዳደር የለብዎትም፤ ሁለቱም ይሁኑ። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ ግን ጠበል በሚጠመቅበት ሰሞን እንዳይቋረጥ፣ ይህንንም ለንስሐ አባታችሁ አስቀድመው ይንገሩ። በቅርብዎ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያው ልታደርስዎት ትችላለች፤ በብዙ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ነርስ አለ። ቀን የማይሰጡ ምልክቶች አሉ፦ ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት መናገር፣ ምግብ መተው፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ አረቄ ወይም ጫት ማብዛት። ከእነዚህ አንዱን ካዩ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ የሰብል ፀረ ተባይም ሆነ መሣሪያ በቤት ካለ ከእጁ ያርቁ።

ጥያቄ፦ በወረዳ ደረጃ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ነኝ። ከታጣቂዎች የተመለሱ ልጆችን ዝርዝር ስናዘጋጅ የመዘገብነው መሣሪያ ይዘው የነበሩ ወንዶችን ነው። በኋላ ሁለት ልጃገረዶች መኖራቸውን ሰማሁ፤ አንዷ ለታጣቂዎቹ ምግብ ታበስል ነበር፣ ሌላዋ ሕፃን ታቅፋ ነው የተመለሰችው። ተኩሰው አያውቁም። ይመዘገባሉ?

መልስ፦ ይመዘገባሉ። ከታጣቂዎች ጋር ስለተሰለፉ ልጆች በ2007 የጸደቁት ዓለም አቀፍ የፓሪስ መርሖዎች ከ18 ዓመት በታች ሆኖ በማናቸውም ሥራ ለታጣቂ ኃይል ያገለገለን ልጅ ሁሉ ያጠቃልላሉ፤ አብሳይ፣ ተሸካሚ፣ መልእክተኛ፣ ሰላይ ወይም ለወሲብ የተወሰደች ልጅ በግልጽ ተጠቅሰዋል። ኢትዮጵያም የአፍሪካን የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር፣ በ2014 ደግሞ ሕፃናት በትጥቅ ግጭት እንዳይሳተፉ የሚከለክለውን አማራጭ ፕሮቶኮል አጽድቃለች።

እናንተ ያደረጋችሁትን ሴራሊዮንም አድርጋዋለች። የትጥቅ ማስፈታቱ ፕሮግራም ሲጀመር በብዙ ቦታ የመግቢያ ፈቃዱ ጠመንጃ ነበር፤ ጠመንጃ አምጥቶ ያላስረከበ አይመዘገብም። ልጃገረዶቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፣ የነበራቸውም በአዛዦቻቸው ተነጥቀዋል። በመጨረሻም በፕሮግራሙ ካለፉት ልጆች መካከል ልጃገረዶቹ ከመቶ 8 ገደማ ብቻ ሆኑ፤ በታጣቂዎቹ መካከል የነበራቸው ድርሻ ግን ከዚህ እጅግ የበዛ እንደነበር ይታመናል። የቀሩት በየመንደሩ ዝም ብለው ተበተኑ፤ አንዳንዶቹም «ባሎቻቸውን» ተከትለው ሄዱ።

ሆኖም ምዝገባው ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል። በዝርዝር ላይ ስሟ መውጣቱ ብቻ ሰፈሩ ያልጠረጠረውን ነገር ሊያሳውቅባት ስለሚችል፣ ከልጃገረዶቹ ጋር ሴት ባለሙያ በግል ትነጋገር፣ የጤና ምርመራውም ለነፍሰ ጡሮችና ለእናቶች በሚሰጠው መደበኛ አገልግሎት ውስጥ ይካተት። ሕፃን የታቀፈችውን በተመለከተ ከሰሜን ዩጋንዳ የምንማረው ከባድ ነገር አለ። በአቾሊ ልጅ መሬት የሚያገኘው በአባቱ ጎሣ በኩል ነው፤ በጫካ የተወለዱ ልጆች አባታቸው ወይ ሞቷል ወይ አይታወቅም፣ የእናታቸው ወንድሞችም «የአማፂ ልጅ» እያሉ ከርስት ያርቋቸዋል። እናቲቱ ስታገባም አዲሱ ባል ልጁን አልፈልግም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሊያደርገው ከሚችለው ነገር ሁሉ ቀዳሚው ለሕፃኑ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። የአባቱ ስም ባይታወቅ እንኳ ምዝገባው እንዳይዘገይ፤ ሕፃኑ ትምህርት ቤት በሚገባበት ዓመት ስለ አባቱ የሚጠየቀው ጥያቄ በሰው ፊት እንዳይሆን ከወዲሁ ይዘጋጅ። አያቶቹንም ለብቻ ያነጋግሩ። ልጅቷን ወድደው ሕፃኑን የሚጠሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ ጥላቻውን የምትሸከመው ደግሞ እናቲቱ ናት።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜን ከገደሉት ታጣቂዎች መካከል በሰፈራችን ያደገ ልጅ ነበረበት። ያኔ 15 ዓመቱ ነበር፤ አሁን ተመልሶ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሽማግሌዎች «ሕፃን ነበር፣ ተገዶ ነው፣ እርቅ አውርዱ» እያሉ ይመላለሱብናል። እናቴ ግን ልጁን በመንገድ ባየች ቁጥር ትታመማለች። ይቅር አለማለታችን ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ለንስሐ አባትዎ እተዋለሁ። እኔ ልመልስ የምችለው ሽማግሌዎቹ አንድ ያደረጓቸውን ሁለት ነገሮች በመለየት ነው፤ አንደኛው የልጁ በሰፈሩ መኖርና መማር፣ ሁለተኛው የእናንተ ይቅርታ ነው። የመጀመሪያው በእናንተ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ሁለተኛው ደግሞ ከእናንተ በቀር የማንም አይደለም።

በልጅነት ለተፈጸመ ወንጀል የሚኖረው ተጠያቂነት ዓለምንም ያስጨነቀ ነው። የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት መቋቋሚያ ሕግ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ለመክሰስ ይፈቅድ ነበር፤ ዐቃቤ ሕጉ ዴቪድ ክሬን ግን ልጆችን እንደማይከስሱ አስታውቀው ፊታቸውን ወደ መልማዮቹ አዞሩ፤ በ2007ም ፍርድ ቤቱ ሕፃናትን ለውጊያ በማሰለፍ ወንጀል የመጀመሪያውን የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጠ። የዩጋንዳው ዶሚኒክ ኦንግዌን ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያወዛግባል። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ታፈነ፣ በጫካ አደገ፣ አዛዥ ሆነ፣ በተራው ልጆችን አሳፈነ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 በ61 ክሶች ጥፋተኛ አለው፣ ከሦስት ወር በኋላም 25 ዓመት ፈረደበት፤ ዳኞቹ የልጅነቱን መከራ ለቅጣት ማቅለያ ተቀበሉት እንጂ ነጻ አላወጡበትም፤ የተከሰሰበትን ወንጀል የፈጸመው ካደገ በኋላ ነበርና። በእኛም የወንጀል ሕግ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ አጥፊ ከነጭራሹ ከተጠያቂነት ነጻ አይደለም፣ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለጦርነት የሚመለምል ሰው ደግሞ በአንቀጽ 270 በጦር ወንጀል ይጠየቃል። «ሕፃን ነበር» የሚለው የሽማግሌዎቹ ቃል እውነት ነው፤ ወንድምዎ መሞቱም እውነት ነው።

አቾሊዎች የደም እርቅ ሲያደርጉ የሁለቱ ወገን ሰዎች ከመራራ ሥር የተዘጋጀ መጠጥ ከአንድ ቅል ይጠጣሉ፤ «ማቶ ኦፑት» ይባላል። ብዙ የውጭ ሰዎች ስለዚህ ሥርዓት ሲያወሩ የሚያስታውሱት መጠጡን ብቻ ነው። ከመጠጡ በፊት ግን ገዳዩ ያደረገውን ያምናል፣ አስታራቂ ይመላለሳል፣ ጎሣው ካሳ ይሰበስባል፤ ይህ ወራትም ዓመታትም ይወስዳል። የእኛም ሽምግልና ቢሆን ወጉ በደሉን አጣርቶ፣ ካሳ ቆርጦ፣ የተበዳይን ልብ ጠብቆ ነው። የእናንተ ሽማግሌዎች ከመጨረሻው ጀምረዋል ብዬ እሰጋለሁ።

እንዲህ ብላችሁ መልሱላቸው፦ «ልጁን አንነካውም፣ በእናቱም ላይ ክፉ አንናገርም። ለእርቁ ግን ጊዜ እንፈልጋለን፤ ከዚያ በፊት ልናውቀው የምንፈልገው ነገር አለ።» ብዙ የሟች ቤተሰብ ከይቅርታው በፊት ማወቅ የሚሻው ሟቹ የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ነው። ይህን በሽማግሌ በኩል ልጁን መጠየቅ ይቻላል፤ ምናልባትም ለመናገር ዝግጁ ሲሆን ለእሱም የመጀመሪያው መውጫ ይሆንለታል። እስከዚያው በገበያ ቀንና በቤተ ክርስቲያን እናትዎ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት የማይገናኙበትን ሰዓትና መንገድ ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ አማካይነት ይስማሙ። በለቅሶ ቤት ድንገት ቢገጣጠሙ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ እንኳ ከወዲሁ ቢወሰን ጥሩ ነው። እናትዎንም ማንም «እጁን ጨብጪ» ብሎ እንዳይገፋቸው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምንኖር የአንድ አካባቢ ተወላጆች ነን። ከጦርነት ለተመለሱ ልጆች አልጋ፣ መመገቢያ አዳራሽና የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ያለው ማዕከል ለመሥራት ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። አስተያየት ብትሰጡን።

መልስ፦ አሳባችሁ የተባረከ ነው፤ ሕንፃውን ግን ተዉት። በሴራሊዮን ጊዜያዊ መቆያዎች፣ በሰሜን ዩጋንዳዋ ጉሉ ከተማም እንደ ጉስኮ ያሉ የተመላሽ ልጆች መቀበያዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ልጁን አክሞ፣ ቤተሰቡን አፈላልጎ፣ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ወደ ቤቱ መሸኘት ነበር። ልጅ በማዕከል በቆየ ቁጥር ከጦር ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር እንደተዛወረ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ያለ እሱ መኖርን ይለምዳል። የእናንተ አካባቢ ልጆች ደግሞ አሁንም ቤታቸው ናቸው። ለምን ታስወጧቸዋላችሁ?

ስፌቱን በሚመለከት፣ ሰሜን ዩጋንዳ ተመሳሳይ ስፌትና አናጢነት በሠለጠኑ ወጣቶች ተጥለቅልቃ ብዙዎቹ ሥራ አጥተዋል፤ የተሰጣቸውን መሣሪያ ሸጠው የበሉም ነበሩ። ከዚህ ይልቅ በዚያው አካባቢ፣ በአብዛኛው ድሃ ሴቶች ለሆኑ 1,800 ሰዎች፣ አጭር የንግድ ሥልጠና፣ 150 ዶላር ገደማ መነሻና ክትትል የሰጠ ፕሮግራም የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲለካ ገቢያቸው ወደ እጥፍ ተጠግቶ ተገኝቷል። በማኅበረሰቡ ውስጥ የነበራቸው ስፍራ ግን በገንዘቡ ብዙም አልተለወጠም። ገንዘብ ጎረቤትን አይተካም፤ የዚያኑ ያህልም ተርቦ የተቀመጠን ልጅ ጎረቤት ብቻውን አያነሣውም።

ስለዚህ በዕድሩ ወይም በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል፣ ለተመለሱትም ላልሄዱትም ልጆች፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራንን አበል፣ ወደ አእምሮ ሕክምና የሚሄዱትን የመጓጓዣ ወጪ፣ ለወጣቶችም ራሳቸው ለመረጡት ሥራ መነሻ ክፈሉ። የልጆቹን ፎቶ ለገቢ ማሰባሰቢያ እንዲልኩላችሁ አትጠይቁ፤ ፌስቡክ ላይ የወጣ ምስል ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። የሰበሰባችሁትንም በአንድ ጊዜ አትላኩት። የመጀመሪያው ዓመት ረጂ አያጣም፤ ከወዲሁ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ከፍላችሁ አስቀምጡለት።